«ማርያም ማረችሽ» ያልተባሉት

የአክስቴን ልጅ ለማስታመም ሆስፒታል የሄድኩት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። በያዝኩት ፌስታል ውስጥ የሌሊት ልብስ፣ ሞዴስ፣ ሶፍት፣ ነጠላና ሻይ የሞላ ቴርሞስ ነበር። ላየኝ ሰው አራስ ጥየቃ የምሄድ ነው የምመስለው። በር ላይ የነበረው ጥበቃም እንደዚያው መስሎት ፈገግ አለና «ወንድ ናት ሴት?» አለኝ። የምመልስለት ጠፋኝ። «ገና ነው» ብዬው አለፍኩ።

የአክስቴ ልጅ 29 ዓመቷ ነው። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነበር። አምስተኛ ወሯን ስትይዝ የተነሳችው አልትራሳውንድ የፅንሱ የራስ ቅልና አንጎል በአግባቡ እንዳልተሠሩ አሳየ። ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ እሱም ያንኑ አለ። ልጁ ቢወለድም በሕይወት እንደማይቆይ በግልጽ ነገሯቸው። ባልና ሚስቱ ሁለት ቀን ሙሉ አለቀሱ፤ የንስሐ አባታቸውንም አነጋገሩ። በሦስተኛው ቀን እርግዝናው እንዲቋረጥ ተስማምተው ፈረሙ።

በዚህ ወር ላይ የሚቋረጥ እርግዝና በአብዛኛው ማህፀንን በመድኃኒት በማነሳሳት ነው የሚከናወነው። በሌላ አነጋገር ሴትየዋ ታምጣለች። የአክስቴ ልጅም አስራ አራት ሰዓት አማጠች። የተሰጣት አልጋ ግን ሦስት እናቶች ካረፉበት ክፍል ውስጥ ነበር። በቀኟ ያለችው ሌሊቱን ወልዳ ሕፃኗን ታጠባለች። በግራዋ ያለችው ደግሞ ዘመዶቿ ገንፎ ይዘው ተኮልኩለዋል። ከዘመዶቹ አንዷ እናት በቅንነት ወደ እሷ ዞር ብለው «ያንቺስ የኔ ልጅ፣ የት ወሰዱብሽ? ማሞቂያ ገባ እንዴ?» አሏት። የአክስቴ ልጅ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

በሕክምናው ረገድ የምናማርረው ነገር አልነበረም። የደም ግፊቷን በየጊዜው ለክተዋል፣ ደሟን ተከታትለዋል፣ ሕመሟ ሲበረታ መርፌ ሰጥተዋታል። ቅዳሜ ጠዋት ከአንድ የመድኃኒት ማዘዣ ጋር ወጣች። የተነገራት ነገር ቢኖር «ደም ከበዛብሽ ነይ» የሚል ብቻ ነው።

ሰኞ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። እሷ ነበረች። «ነቅተሻል?» አለችኝ በሹክሹክታ። «ጡቴ አብጦ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ልብሴ ረጥቧል። ወተት ነው። እግዚአብሔር እየቀጣኝ ነው? ለማን ነው የመጣው?»

እኔም አላውቅም ነበር። በማግስቱ አንዲት አዋላጅ ነርስ ስጠይቅ ነው አራተኛ ወር ካለፈ በኋላ የሚቋረጥ እርግዝና ከሁለት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ወተት ሊያመጣ እንደሚችል የሰማሁት። ሰውነት የሆነውን አያውቅም፤ ልጅ ተወለደ ብሎ ሥራውን ይሠራል። ደገፍ የሚያደርግ ጡት መያዣ፣ ቀዝቃዛ ጨርቅና የሕመም ማስታገሻ ይበቃዋል። ወተቱ እንዳይታለብ ብቻ መጠንቀቅ ነው፤ በታለበ ቁጥር ይጨምራልና። በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱ ይደርቃል። ካስፈለገም ሐኪም የሚያዝዘው ማድረቂያ መድኃኒት አለ።

ይህን አንድ ሰው ቅዳሜ ዕለት ቢነግራት ኖሮ ሰኞ ሌሊት እግዚአብሔር የቀጣት አይመስላትም ነበር።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። በኛ ሙያ ደንበኛ ከበር እስኪወጣ ድረስ ምን እንዳየ፣ ምን እንደሰማ፣ የት ላይ እንደተከፋ እንመዘግባለን። ከዚያች ሌሊት በኋላ ያንኑ ጥያቄ ለማውቃቸው ሴቶች አነሳሁ። እርግዝና ተቋርጦ ሆስፒታል ገብተሽ ታውቂያለሽ? ምን ገጠመሽ? ብዬ ጠየቅኩ። ባልጠበቅኩት መጠን ብዙዎቹ «እኔም» አሉኝ። ማንም ጠይቋቸው ስለማያውቅ ነው።

ፅንስ ማቋረጥ ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ክርክር እዚህ አላነሳም። በዚያ ላይ አንባቢው የራሱ እምነትና አቋም አለው። የኔ ጥያቄ አንዲት ሴት ደም እየፈሰሳት አልጋ ላይ ከተኛች በኋላ ምን ይደረግላታል፣ ምንስ ትባላለች የሚለው ነው።

«ያቺ የውርጃዋ»

የመጀመሪያዋ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ናት። ባለትዳር ናት፣ ሁለት ልጆች አሏት። ለምን እንዳቋረጠች አልጠየቅኳትም፤ እሷም አልነገረችኝም። ክሊኒክ ሄዳ መድኃኒት ወስዳለች፤ ደሙ ግን ከሳምንት በላይ አልቆም ሲላት ወደ ሆስፒታል ሄደች።

ካርድ አውጥታ ከሌሎች ታካሚዎች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ከሁለት ሰዓት ጥበቃ በኋላ በሩ ተከፈተና አንዲት ባለሙያ ብቅ ብላ «ያቺ የውርጃዋ የት አለች?» ስትል ተጣራች። ስሟ ካርዱ ላይ ተጽፏል፤ የጠራት ግን የለም። አግዳሚው ላይ የነበሩት ሃያ የሚሆኑ ሰዎች አንገታቸውን አዙረው ማን እንደምትነሳ ጠበቁ። «ላለመነሳት አስቤ ነበር» አለችኝ። «ቤቴ ሄጄ ልሙት ብዬ ነበር።»

ተነሳችና ገባች። ማህፀኗ ውስጥ የቀረውን ነገር ባለሙያዎቹ ኤምቪኤ በሚሉት የእጅ መምጠጫ መሣሪያ አጠዱላት። ከሩብ ሰዓት ያልበለጠ ሥራ ነው፤ በጥሩ ሁኔታም ተሠርቶላታል። በመሃል ስታቃስት ግን «ስታደርጊው አላመመሽም?» የሚል ድምፅ ሰማች። ማን እንደተናገረ እስከ ዛሬ አታውቅም፤ ዓይኗን ጨፍና ነበር።

በአምስተኛው ቀን ትኩሳት ያዛት። ሆዷን ያማታል፣ የሚወጣው ፈሳሽም ሽታው ተለውጧል። ኢንፌክሽን ሊሆን እንደሚችል ራሷ ጠርጥራለች። ነገር ግን ያ አግዳሚና ያ ጥሪ ትዝ ሲላት ፓራሲታሞል ዋጠችና ተኛች። ሁለት ቀን እንዲሁ አለፈ። ባሏ ከመስክ ሲመለስ እየተንቀጠቀጠች አገኛት፣ በዚያው ሌሊት ሌላ ሆስፒታል ወሰዳት። አራት ቀን ተኝታ በደም ሥር መድኃኒት ወስዳ ዳነች።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። በኛ ሥራ አንድ የታወቀ ነገር አለ፤ የተከፋ ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ አይጮህም፣ ዝም ብሎ ይቀራል። ሱቅ ከሆነ የሚቀረው ገበያው ነው። ሆስፒታል ሲሆን ግን ያቺ የቀረችው ሴት ደሟ እየፈሰሰ ወይም ኢንፌክሽን ወደ ደሟ እየገባ ነው። ባልደረባዬን ለሞት አፋፍ ያደረሳት የሕክምናው ስህተት አይደለም። እንዳትመለስ ያደረጓት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው።

ከጓዳ የተደበቀ ደም

ሁለተኛውን ታሪክ የነገሩኝ ጎረቤታችን ናቸው። ቤታቸው ትሠራ የነበረች የ17 ዓመት ልጅ በሰፈር ሰው ተደፍራ አርግዛለች። ለማንም አልተናገረችም። አንዲት የምታውቃት ሴት የሰጠቻትን ነገር ወሰደች፤ ምን እንደነበረ አይታወቅም። ሁለት ቀን ሙሉ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ደም እየፈሰሳት፣ ጨርቅ እየቀየረች፣ እየወጣች ቡና ስታፈላ ሰነበተች።

«ቡና ስታቀርብልኝ እጇ ነጭ ሆኖ አየሁት» አሉኝ ጎረቤቴ። «ምን ሆነሻል ስላት ወንበሩን ይዛ ወደቀች።»

ሆስፒታል ሲደርሱ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ነው ያስወረደሽ?» የሚል ነበር። ሁለተኛው «ከፖሊስ ወረቀት አላችሁ?» የሚል። ልጅቷ መልስ መስጠት አትችልም፤ ከንፈሯ ደርቋል። ጎረቤቴ «ወረቀቱን ስትድን ታምጣላችሁ!» ብለው ሲጮኹ አንድ ወጣት ሐኪም ሮጦ መጣ፣ ደም ሥሯን ፈልጎ ግሉኮስ ሰካላት፣ ደምም ተሰጣት። ተረፈች።

ጎረቤቴ ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ያስለቀሳቸው የሆስፒታሉ ነገር ብቻ አይደለም። «ሁለት ቀን ሙሉ አብራኝ አንድ ቤት ውስጥ ነበረች» አሉ። «ለምን አልነገረችኝም? ምን ብዬ ኖሯል እኔ? ቴሌቪዥን እያየን ስለ እንደዚህ ዓይነት ሴቶች ምን ስል ሰምታኝ ኖሯል?»

ከመጋረጃው ወዲያ ያሉት

ባለሙያዎቹን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። ያነጋገርኳት አዋላጅ ነርስ በተረኛነት በምታድርበት ሌሊት የምታማጥ፣ የወለደች፣ ደም የሚፈሳት ሁሉ በአንድ ኮሪደር ላይ ይጠብቋታል። የተለየ ክፍል ስጡልኝ ብትልም ክፍሉ የለም። ደግሞም እሷም የዚሁ ማኅበረሰብ ልጅ ናት። ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ ስለ ፅንስ ማቋረጥ የራሷ እምነት አላት፤ ሥራዋን ለዘመዶቿ እንኳ በግልጽ አትናገርም። መሣሪያ አያያዝ ተምራለች፤ ለምታለቅስ ሴት ምን እንደሚባል ግን ያስተማራት የለም።

ያም ሆኖ ይህችው ነርስ አንድ ነገር ታደርጋለች። ወንበር ስባ ትቀመጣለች። ስሟን ትናገራለች፣ የታካሚዋንም ስም ትጠይቃለች። «አሁን ይህን ላደርግ ነው፤ ትንሽ ይቆነጥጥሻል፤ ካመመሽ እጅሽን አንሺ፣ አቆማለሁ» ትላለች። ይህን ለማለት ተጨማሪ በጀትም፣ ተጨማሪ ክፍልም አላስፈለጋትም።

ጤና ሚኒስቴርም ጉዳዩን ያውቀዋል። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በተተገበረው የጤናው ዘርፍ የለውጥ ዕቅድ ውስጥ «ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» የጤና ባለሙያ ማፍራት ከዋና ዋናዎቹ አጀንዳዎች አንዱ ነበር። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ውስጥ ለዚህና ለቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት «ምቹ» የሚባል ራሱን የቻለ ክሊኒክ መኖሩም የሚጠቁመው ነገር አለ። ሴቶቹን ከማዋለጃው ግርግር ለይቶ ማስተናገድ በኛም አገር የሚቻል ነገር ነው።

ጉዳዩ የጥቂቶች አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የተደረገ አገር አቀፍ ጥናት በዚያ ዓመት በኢትዮጵያ 620 ሺህ ያህል ፅንስ የማቋረጥ ድርጊቶች እንደተፈጸሙ ገምቷል። ከእነዚህ ከግማሽ ጥቂት የሚበልጡት በጤና ተቋም የተከናወኑ ናቸው፤ ከስድስት ዓመት በፊት ድርሻው ከሩብ ብዙም የማይበልጥ ነበር። በዚያው ዓመት ከፅንስ መቋረጥ በኋላ በተፈጠረ ችግር በጤና ተቋማት የታከሙት ሴቶች ቁጥር ደግሞ ከ100 ሺህ በላይ ነው። እነዚህ ሴቶች የአንዳችን እህት፣ የአንዳችን ሚስት፣ የአንዳችን ቤት ሠራተኛ ናቸው።

ሕጉ ምን ይላል?

ያነጋገርኳቸው ሴቶች በሙሉ፣ የተማሩትም ጭምር፣ ሕጉን በትክክል አያውቁትም ነበር። እኔም አላውቀውም ነበር። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ ፅንስ ማቋረጥን በጠቅላላው አልፈቀደም። በአንቀጽ 551 ግን የማያስቀጡ ሁኔታዎችን ዘርዝሯል፤ እርግዝናው በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመድ መካከል በተደረገ ግንኙነት የመጣ ሲሆን፣ ለእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና አደገኛ ሲሆን፣ ፅንሱ ሊድን የማይችል ከባድ የአካል ጉድለት ሲኖረው፣ እንዲሁም ሴትየዋ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ምክንያት ወይም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጁን ለማሳደግ የማትችል ስትሆን ነው።

ቀጣዩ አንቀጽ 552 ደግሞ በመደፈር ወይም በዘመድ መካከል በተደረገ ግንኙነት ለመጣ እርግዝና የሴትየዋ ቃል ብቻ በቂ ማስረጃ እንደሆነ ይደነግጋል። ጤና ሚኒስቴር ያወጣው የአፈጻጸም መመሪያም የፖሊስ ወረቀት እንድታመጣ ወይም የደፈራትን ሰው ማንነት እንድትናገር አያስገድዳትም። የዕድሜ ማረጋገጫም አይጠይቅም። አገልግሎቱን የምታገኝበትንም ጊዜ በሦስት የሥራ ቀናት ወስኗል።

እርግዝናው ከተቋረጠ በኋላ የሚመጣ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ደግሞ ድንገተኛ ሕክምና ነው። ማን አደረገው፣ የት ተደረገ የሚለው ጥያቄ ሕክምናውን ማዘግየት የለበትም። ባለሙያው የምትወስደውን መድኃኒት ወይም የገባ ባዕድ ነገር ካለ ማወቁ ለማከም ይረዳዋል። ጥያቄው ለሕክምና ሲባል የሚቀርብ መሆኑ ተነግሯት፣ ብቻዋን ስትሆን ልትጠየቅ ይገባል።

ከሆስፒታል ከመውጣቷ በፊት ሊነገራት የሚገባ

ድኅረ ፅንስ ማቋረጥ ሕክምና ማህፀኗን በማጽዳት ብቻ አያልቅም። ምክር፣ የቤተሰብ ምጣኔና ለሌሎች የጤና አገልግሎቶች ማገናኘትም የሕክምናው ክፍሎች ናቸው። ካልተነገራችሁ ጠይቁ፤ ታካሚዋ መጠየቅ ካልቻለች አስታማሚዋ ትጠይቅ።

ጤነኛ የሆነው፦ ቀለል ያለ ደም መፍሰስ ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ በመድኃኒት ከሆነ ነጠብጣቡ ሊረዝም ይችላል። እንደ ወር አበባ ያለ ቁርጠት ይኖራል፤ ኢቡፕሮፌን ያስታግሰዋል። እርግዝናው የገፋ ከነበረ ወተት ሊመጣ ይችላል።

ሳይውል ሳያድር የሚያስኬደው፦ በተከታታይ ለሁለት ሰዓት በየሰዓቱ ሁለትና ከዚያ በላይ ሞዴስ የሚያርስ ደም፤ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሆኖ በማግስቱ ያልበረደ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት፤ በማስታገሻ የማይመለስ የሆድ ሕመም፤ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፤ ማዞርና ራስ መሳት። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ሌሊትም ቢሆን ሂዱ። የቀድሞው ቦታ ካስከፋችሁ ሌላ ቦታ ሂዱ እንጂ ቤት አትቅሩ።

ስለ ቀጣዩ እርግዝና፦ ብዙ ሴቶች «ከእንግዲህ አልወልድም ይሆን?» ብለው ይሰጋሉ። በሠለጠነ ባለሙያ በአግባቡ የተከናወነና ኢንፌክሽን ያልተከተለው ፅንስ ማቋረጥ መካን አያደርግም። እንዲያውም ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ የወር አበባ ሳይመጣ እንደገና ማርገዝ ይቻላል። ስለዚህ ስለ እርግዝና መከላከያ መነጋገር ያለባት ከሆስፒታሉ ሳትወጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከሚቀጥለው እርግዝና በፊት ቢያንስ ስድስት ወር እንዲቆይ ይመክራል።

እንደ አክስቴ ልጅ ፅንሱ የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር አፈጣጠር ችግር ከነበረበት ደግሞ ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚን ከማርገዝ በፊት ጀምሮ መወሰድ አለበት። ለማንኛዋም ማርገዝ ለምታስብ ሴት በቀን 400 ማይክሮግራም ይመከራል፤ ችግሩ አንድ ጊዜ ለደረሰባት ግን ሐኪም ከዚያ እጅግ ከፍ ያለ መጠን ያዝላታል። በአዲስ አበባና በትግራይ ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች ይህ ችግር በአገራችን በብዛት እንደሚታይ አሳይተዋል። የአክስቴ ልጅ ይህን የሰማችው ከሆስፒታል ከወጣች ከአንድ ወር በኋላ፣ ከሌላ ሐኪም ነው።

ስለ ስሜቷ፦ ማዘን ያለ ነው። እፎይ ማለትም ያለ ነው። ሁለቱ በአንድ ቀን ቢፈራረቁባትም የሚገርም አይደለም። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ብሏት ሳምንታት ካለፉ፣ ወይም ራሷን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባት ግን የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያስፈልጋታል።

ቤት ስትመጣ

ሴቶቹን ከቤተሰባቸው ምን እንደፈለጉ ስጠይቃቸው መልሳቸው ተመሳሳይ ነበር። ምክር አልፈለጉም። የባንክ ሠራተኛ የሆነች አንዲት ሴት «ባሌ ዕቃ አጥቦ፣ ልጆቹን አስተኝቶ፣ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ዝም አለ። እስከ ዛሬ ካደረገልኝ ሁሉ እሱ ይበልጥብኛል» አለችኝ። ሌላዋ የፈለገችው እናቷ «ማን ይወቅብሽ!» ከማለት ይልቅ «አመመሽ?» እንድትላት ነበር።

ቤታችን ለሚሠሩ ልጆችና ለራሳችን ሴት ልጆች ደግሞ አንድ ነገር አስቀድመን መናገር እንችላለን፤ «ምንም ነገር ቢደርስብሽ መጀመሪያ ለኔ ንገሪኝ፣ መጀመሪያ እናሳክምሻለን፤ ሌላው በኋላ ይደርሳል።» ይህ የሚነገረው አደጋ ከደረሰ በኋላ ሳይሆን በደህናው ቀን ነው። ጎረቤቴ ዛሬ ይህንኑ ነው የሚሉት።

አጥሚት

አክስቴ ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው። ልጇ ምን እንደሆነች በስልክ አልነገርናትም ነበር፤ «ትንሽ አሟት ነው» ብቻ ነው ያልናት። እናት ናትና አላመነችም። ማክሰኞ ጠዋት የአጃ ዱቄትና ማር በዘንቢል ይዛ ከች አለች።

የአክስቴ ልጅ እናቷን በጣም ፈርታት ነበር። አክስቴ ቤተ ክርስቲያን የምትስም፣ ጾም የማታፈርስ ሴት ናት። ሁሉንም ነገር እያለቀሰች ነገረቻት። አክስቴ ምንም ሳትመልስ ተነሳችና ወደ ኩሽና ገባች። ሳሎን ቁጭ ብለን ድስት ሲንኳኳ እንሰማለን። ቆይታ አጥሚት በኩባያ ይዛ መጣች። ልጇ እጅ ላይ አስቀመጠችና ግንባሯን ስማ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለቻት።

የአክስቴ ልጅ ቀና አለች። «እማዬ፣ እኔ እኮ አልወለድኩም።»

«አንቺን ነው እኮ ማረችሽ የምንለው» አለች አክስቴ። «ለልጁማ ‹እደግ› ነው የሚባለው። ማረችሽ የሚባለው ከሞት ለተመለሰችው ነው። አንቺ ተመልሰሽልኝ የለ? በይ ሳይቀዘቅዝ ጠጪ።»

ቃሉን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ እንዲህ አድርጌ አስቤው አላውቅም ነበር።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ስነሳ የአክስቴን ልጅ ፈቃድ ጠየቅኳት። ስሟን እንዳልጠቅስ ብቻ አሳሰበችኝና «አንድ ነገር ጻፊልኝ» አለችኝ። «ከሆስፒታል የሚያስወጧትን ሴት ‹ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ጡትሽ ወተት ሊይዝ ይችላል፤ አትደንግጪ፣ ራሱ ይደርቃል› ይበሏት። ሌላው ይቅርብኝ።»

የሙያዬ ነገር ሆኖብኝ ሰዓት ይዤ ዓረፍተ ነገሩን ጮክ ብዬ አነበብኩት። አስር ሰከንድ አይሞላም።